አጎቴን የገደልኩበት ሱፐርማርኬት

አጎቴን ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ገደልኳቸው። አትደንግጡ፣ በአፌ ነው። ቢሆንም በአፍ የተገደለ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ እኔን ጠይቁኝ። በእጁ የገደለ ይያዛል፣ ይፈረድበታል፣ ቃሊቲ ገብቶ ይገላገላል። በአፉ የገደለ ግን ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተጎልቶ፣ "እግዚአብሔር ያጽናህ" እየተባለ ንፍሮ ይቅማል።

ነገሩ የመጣው በሱፐርማርኬት ነው። አቃቂ፣ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ጀርባ፣ አንዲት ሜዳ አለችን። ሜዳ ስላችሁ ኳስ የሚንከባለልባት እንዳይመስላችሁ። በደህናው ቀን ጉሊት ናት፤ ሰው ሲሞት ደግሞ የእድራችን ድንኳን የሚተከልባት እሷ ናት። ሰፈራችን ውስጥ ድንኳን የሚይዝ ሌላ ደልዳላ መሬት የለም። ስለዚህ ለቅሶ ሲኖር ጉሊተኞቹ ዕቃቸውን አንስተው ወደ ዳር ሰብሰብ ይላሉ፣ ድንኳኑ ሲነቀል ይመለሳሉ። ባለቤቴ አስካለ እዚያ ሽንኩርትና ቃሪያ ስትሸጥ አስራ ሰባት ዓመቷ ነው። ልጆቻችንን ያሳደገው የኔ የፋብሪካ ደሞዝ ነው እያልኩ በሰው ፊት አወራለሁ። እሷ ባለችበት ግን አላወራም።

ሚሌኒየሙ ባለፈ ማግስት ሜዳዋ ለባለሀብት ተሰጥታለች፣ ባለ ሦስት ፎቅ ሱፐርማርኬት ሊሠራባት ነው የሚል ወሬ መጣ። ወሬ ነው ስንል እውነት ሆነ። ለጉሊተኞቹ ወደ ገላን በኩል ምትክ ቦታ እንደሚሰጣቸው ተነገረ። አስካለ ሄዳ አይታው መጣች።

"እንዴት ነው ቦታው?" አልኳት።

"ቦታውስ ጥሩ ነው። የሚገዙኝን ሰዎች አብረው ከሰጡኝ" አለች።

የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝና ተቃውሞውን አንተ ተናገርልን ተባልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ መስታወት ፊት ቆሜ ንግግር ተለማመድኩ። በእውነቱ ንግግሩ ግሩም ነበር፤ እኔን ራሴን ሁለት ጊዜ አስለቅሶኛል። ታዲያ የስብሰባው ሰብሳቢ ገና ከመቀመጡ ምን ቢል ጥሩ ነው? "እንግዲህ ልማት የማይፈልግ ካለ እጁን ያውጣ!"

አያችሁ አጠያየቅ! እጄ ግን ቀድሞኝ ግማሽ መንገድ ወጥቶ ነበር። እዚያው ላይ ቀረ። ወደ ላይ ልውሰደው ብል ፀረ ልማት መሆን ነው፣ ወደ ታች ላውርደው ብል አስካለ ከኋላዬ ተቀምጣለች።

"እሺ አባት፣ ምን ነበር?" አለኝ ሰብሳቢው።

"ኧረ... ምንም። ሞቀን፣ መስኮቱ ቢከፈትልን ለማለት ነው።"

መስኮቱ ተከፈተ። ሱፐርማርኬቱም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አስካለ ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ምሳ ባቀረበችልኝ ቁጥር "መስኮት ልክፈትልህ?" ትለኝ ነበር።

እልህ ያዘኝ። የማያውቁትን ነገር መቃወም ደግም አይደል ብዬ፣ ሱፐርማርኬት ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ቦሌ ወጣሁ። በሩ ላይ ዘበኛው ኪሴን ዳበሰኝ። ለሽንኩርት ተፈትሼ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ሽንኩርቱ በመረብ ከረጢት ታስሮ፣ ዋጋው ግንባሩ ላይ ተለጥፎለታል። አንዱን አንስቼ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ሄድኩ።

"መጨረሻው ስንት ነው?" አልኳት።

"የተጻፈው ነው ጋሼ።"

"እሱማ መነሻው ነው። መጨረሻውን ነው የጠየቅኩሽ።"

"እኔ አይደለሁም ዋጋ የምለው፣ ማሽኑ ነው።"

"በይ እንግዲያው ማሽኑን አንቺ ለምኚልኝ። አንቺን አያሳፍርሽም።"

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ይጠርግ ጀመር። ቢያንስ አንድ ራስ ሽንኩርት መርቂልኝ ብላት ዘበኛውን ጠራችው። ወጣሁ። በዚያው ንዴት ሦስት ገጽ ሙሉ አቤቱታ ጻፍኩ። ከወር በኋላ መልስ መጣ፤ "ሐሳባችሁ በግብዓትነት ተወስዷል" ይላል። የተወሰደው ሐሳብ እስካሁን አልተመለሰም።

እንግዲህ ወደዚያች ማክሰኞ እንምጣ። የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ ቤት ነኝ፣ ቁርሴን እየበላሁ። አስካለ ነጠላዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች፣ እያለከለከች ገባች።

"ዶዘር መጣ! 'በአንድ ሰዓት ውስጥ አንሱ' እያሉን ነው! አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ እንኳ አንድ ቀን ባል ሁን!"

አስራ ሰባት ዓመት የተቀመጠችበት መሬት ነው። ፊቷን ሳይ ጉርሻዬን መለስኩ። ተነሳሁ፣ ግን ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም። እኔ ዶዘር ላቆም ነው? እንኳን ዶዘር ታክሲ እጄን አይቶ አይቆምልኝም። ያን ጊዜ ነው እጄ ሳላዘው ወደ ኪሴ ገብቶ የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ የዳሰሰው። እኛ ሰፈር የለቅሶ ድንኳን የሚነካ ወንድ የለም። አንድ ጊዜ የውሃ ቱቦ ሊቀብሩ የመጡ ሠራተኞች ድንኳን አይተው፣ አካፋቸውን አስደግፈው ሦስት ቀን ጠብቀዋል።

ወደ ጥሩንባ ነፊያችን ወደ ጉግሳ ቤት በረርኩ።

"ጉግሳ፣ ጥሩንባህን አንሳ! ለቅሶ አለ!"

"ውይ! ማን ሞተ?"

ይህንን አላሰብኩበትም። ሰው መግደል ለካ ዝግጅት ይፈልጋል። ጎረቤት እንዳልገድል፣ ጎረቤቶቼ ደጃቸው ላይ ቆመው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ። የማይታይ፣ ሩቅ ያለ ሰው መሆን አለበት።

"አጎቴ" አልኩ። "ምንጃር ያሉት። ጋሽ ደምሴ።"

ቃሉ ከአፌ ወጣ። ጋሽ ደምሴ እናቴ ስትሞት ወስደው፣ አብልተው፣ አስተምረው ያሳደጉኝ ናቸው። ከዘመድ ወገኖቼ ሁሉ እንደሳቸው የምወደው የለም። የማልወዳቸው ስንት ዘመዶች እያሉኝ እሳቸውን ለምን እንደገደልኩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሰው ሲጨንቀው የሚጠራው የሚወደውን ነው መሰለኝ። ልመልሰው አፌን ስከፍት ጉግሳ ከቤቱ ወጥቶ "የምንጃሩ ጋሽ ደምሴ አርፈዋልና!" እያለ መንገዱን ይዞታል።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድንኳኑ ሜዳው መሀል ቆመ። የዶዘሩ ሹፌር ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ኮፍያውን አወለቀ። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብሎ ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ተቀመጠ ስላችሁ ሦስት ቀን ተቀመጠ። "ማሽኑ እዚህ ቆሞ እኔ የት እሄዳለሁ?" አለ። እንደሱ ንፍሮ የሚቅም ሰው አይቼ አላውቅም። ዶዘሩ የሚያፍሰውን ያህል ነው።

ቀጥሎ ጋሽ ታፈሰ መጡ። ጋሽ ታፈሰ የእድራችን ዳኛ ናቸው፣ የባቡር ጡረተኛ፤ ባቡሩ ከቆመ ስንት ጊዜው፣ እሳቸው ግን አሁንም ሰዓት አያሳልፉም። ውሸቱን አልነገርኳቸውም፣ ብነግራቸው ራሳቸው ዶዘሩን ነድተው ድንኳኑን ያፈርሱት ነበር። የእድሩን መዝገብ ገልጠው "አጎት፣ የእናት ወንድም" ብለው በማይለቅ ቀለም ጻፉ። አጎቴ በቀለም ሞቱ።

ሰው መጉረፍ ጀመረ። ጭንቁ ግን እንባዬ እምቢ ማለቱ ነው። ሰዉ ያቅፈኛል፣ ደረቱን ይደቃል፣ እኔ አይኔ ደረቅ ነው። አስካለ ይህን አይታ፣ በነጠላዋ ከልላ ግማሽ ሽንኩርት እጄ ውስጥ ወተፈችልኝ። "የዛሬ ጠዋት ናት፣ ትሠራልሃለች" አለች በጆሮዬ። የሚስቴ ዕቃ አይታማም፣ ሽንኩርቷ ሠራች። ሙሾ አውራጃችን እትዬ ወርቄ ደግሞ አጎቴን አይታቸው አታውቅም፣ ግን መቼ ይቸግራታል፦

"የምንጃሩ ጌታ፣ ሎጋው ባለፈረስ፣
ምነው ጥለኸን ሄድክ ሰፈሩ ሲፈርስ?"

አጎቴ እንኳን ሎጋ ሊሆኑ፣ የእኔ ትከሻ ላይ አይደርሱም። ፈረስም ይፈራሉ። ሆኖም ጉሊተኞቹ "ሰፈሩ ሲፈርስ" የምትለዋን ሲሰሙ ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ታመሰ። ያ ልቅሶ ውሸት አልነበረም። እያንዳንዷ በልቧ ያለችውን መደብ ነው ያለቀሰችው።

ረቡዕ ዕለት የፋብሪካው ሰርቪስ ሙሉ ሰው ጭኖ መጣ። ሰርቪሱ ሳይሄድ ደግሞ አንድ ነጭ መኪና ቆመ፣ ባለሀብቱ ወረዱ። እኔ በሐሳቤ ቦርጫም፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ነበር ስሰድብ የከረምኩት። የወረዱት ግን ቀጭን፣ ድምፃቸው እንኳ በደንብ የማይሰማ ሰው ናቸው። የታሸገ ውሃ በካርቶን አስይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ምን አመማቸው?" አሉኝ።

"ድንገት ነው።"

"የኔም አባት እንዲሁ ድንገት ነው" አሉና መሀረባቸውን አወጡ።

አለቀሱ። ሐዘንተኛው እኔ ሆኜ የማጽናናው እኔ ሆንኩ። ትከሻቸውን እየደባበስኩ "አይዞዎት፣ ሁላችንም ሟች ነን" እላለሁ፣ በሽንኩርት እጄ። ጠላቴን እንኳ በቅጡ መጥላት አቃተኝ። እሳቸውም ድንኳኑ እስኪነሳ በየቀኑ እመጣለሁ ብለውኝ ሄዱ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። እስኪ የአጎቴን ደህንነት ልጠይቅ ብዬ ምንጃር ደወልኩ። በመንደራቸው ሞባይል ያለው አንድ ጤፍ ነጋዴ ብቻ ነው። አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ከአስር ጊዜ በላይ ሞከርኩ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ሟርት መሬት ጠብ አይልም ሲሉ እሰማ ነበር። እውነት ሞተው ቢሆንስ? እግዜር "ይሄ ሰውዬ ይህን ያህል ከፈለገ" ብሎ ወስዷቸው ቢሆንስ? ለገብርኤል ሻማ ተሳልኩ። ሽንኩርቱን ጣልኩት፣ አያስፈልገኝም ነበር። ከዚያ ወዲያ እንባዬን የሚያቆመው ጠፋ። ሰዎቹ "አሁን ገና ሐዘኑ ገባው" ተባባሉ።

ሐሙስ ሆነ፤ ድንኳኑ የሚነሳበት ቀን። ባለሀብቱ በቀጠሮአቸው አጠገቤ አሉ። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ከሐዲዱ ወዲያ ማዶ የሽማግሌ ጩኸት ተሰማ።

"ወየው ልጄ! ወየው ልጄን! ምነው እኔን ባስቀደመኝ!"

ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ። አንድ አጭር ሽማግሌ፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ ከዘራቸውን ወደ ሰማይ እየሰበቁ፣ እያለቀሱ ገቡ። ድንኳኑ መሀል ሲደርሱ እኔን አዩኝ። ከዘራው ከእጃቸው ወደቀ። እኔም ቆሜ ቀረሁ።

"አልሞትክም?" አሉኝ።

"አልሞቱም?" አልኳቸው።

እንዴት እንደተቃቀፍን አላውቅም። ጋቢያቸው የአውቶቡስ ናፍጣ ይሸታል፣ ልባቸው ደረቴ ላይ ድው ድው ይላል፤ ይመታል! በሕይወቴ እንደዚያ ዓይነት ደስታ አላየሁም። ለካ ያ ጤፍ ነጋዴ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ አቃቂ ገበያ ነበር የሰነበተው። ድንኳናችንን፣ በሩ ላይም አስካለን ነጠላዋን አዘቅዝቃ አይቶ፣ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ምንጃር ሲመለስ፣ "እዚያ የወንድ ልጅዎ ቤት ድንኳን ተጥሏል" ብሎ ነገራቸው። እሳቸውም እኔ ሞቼ ሊቀብሩኝ ነው የመጡት።

ሰዉ ሁሉ እንደቆመ ነው። የዶዘሩ ሹፌር ብቻ ንፍሮውን ዋጥ አድርጎ ቦታ ለቀቀላቸው።

"አባት፣ አረፍ ይበሉ። ለሟች ምን ነዎት?"

"ሟች ማነው?"

"ጋሽ ደምሴ የሚባሉ፣ ከምንጃር።"

"ደምሴማ እኔ ነኝ!"

ጉግሳ ጥሩንባውን ቀስ አድርጎ ከጀርባው ደበቀ። እትዬ ወርቄ አጎቴን ከእግር እስከ ራሳቸው ለካቻቸውና፣ "ሎጋ ናቸው አላላችሁም?" ብላ ቅር አላት። ማንም አላለም፣ ያለችው ራሷ ናት።

ጋሽ ታፈሰ መዝገባቸውን ብብታቸው ውስጥ አድርገው ተነሱ። 

"አንተ ጸሐፊ! ተናገር!"

ተናገርኩ። መስታወት ፊት የተለማመድኩት ንግግር አንዲት ቃል ትዝ አላለኝም። "ዋሽቻለሁ ጋሽ ታፈሰ" አልኩ። "አስካለ ከዚህ መሬት እንዳትነሳ ነው። አስራ ሰባት ዓመት እዚህ ተቀምጣ ነው ቤቴ ቤት የሆነው። የኔ ደሞዝ አይደለም። ተቃወምኩ፣ አልተሰማሁም፤ ጻፍኩ፣ አልተነበብኩም። ዶዘር የሚያቆም ነገር ከድንኳን ሌላ አጣሁ።" ባለሀብቱን ዞሬ አየኋቸው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሱፐርማርኬቱን ግን አልፈልገውም።" አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትሰማኛለች። በትዳር ዘመናችን እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

ባለሀብቱ ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ ረጋ ብለው ጠየቁ። "ቆይ እስኪ፣ የሰፈሩ ድንኳን ሁልጊዜ የሚተከለው እዚህ ነው እንዴ?"

ጋሽ ታፈሰ ይህን ጥያቄ የእድራቸውን ክብር መንካት አድርገው ወሰዱት። "ጌታዬ! ይህ ሰው አዋረደን እንጂ ይህ እድር በውሸት ለቅሶ ተቀምጦ አያውቅም! ሁሉም እውነተኛ፣ የምር ሟቾች ናቸው!" መዝገቡን ገለጡና በኩራት ማንበብ ጀመሩ። "የባቡሩ ፍሬን ሠራተኛ አቶ ወልዴ፣ በዚህች ቦታ! ባለቤታቸው በዓመታቸው፣ በዚህች ቦታ! ልብስ ሰፊው አቶ ከበደ፣ በዚህች ቦታ!..."

ባለሀብቱ በያንዳንዱ ሟች አንድ አንድ እግራቸውን ከመሬት ያነሳሉ። "አስከሬንም ይመጣል?" አሉ ድምፃቸው ቀጥኖ።

"እንዴታ! ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መጀመሪያ እዚህ ያርፋል፣ ጸሎት ይደረግለታል።"

"እዚህ... የት ላይ?"

ጋሽ ታፈሰ በከዘራቸው የባለሀብቱን ወንበር እግር ቆረቆሩ። "እዚችው ላይ!"

ሰውየው ምጣድ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ዘለው ተነሱ። ነጋዴ ቀረጥ ይፈራል ይባላል፤ መጥፎ ገድን ግን ከቀረጥ አብልጦ ይፈራል። ገና ሱቅ ሳይከፍቱ ያንን ሁሉ ሟች ደንበኛ አድርገው ሊጀምሩ ነው? ጋሽ ታፈሰ "ቆዩ እንጂ፣ ግማሹን እንኳ አላነበብኩም!" እያሉ ከኋላ ከኋላ ተከተሏቸው። ነጩ መኪና በር ላይ ደርሰው እንኳ ሁለት ሟች አንብበውላቸዋል።

በሳምንቱ ባለሀብቱ ዋናው አስፋልት ዳር ሌላ ቦታ መጠየቃቸው፣ ሜዳዋም ባለችበት እንደምትቀጥል ተነገረ። የዶዘሩ ሹፌር በፌስታል ንፍሮ ተቋጥሮለት ሄደ። አቤቱታ፣ ስብሰባ፣ ሦስት ገጽ ጽሑፍ ያልቻለውን ጋሽ ታፈሰ በኩራት ቻሉት። እስከ ዛሬ ግን አልተነገራቸውም፤ ሰውየው ሰዓት ስለደረሰባቸው የሄዱ ነው የሚመስላቸው።

እኔ ከጸሐፊነቴ ተነሳሁ፤ በላዩ ላይ ለአንድ ዓመት ሰፈሩ ውስጥ ለቅሶ በተቀመጠ ቁጥር ድንኳኑን በትከሻዬ እንድሸከም ተፈረደብኝ። በደስታ ተቀበልኩ። የአጎቴን ስም ከመዝገቡ ይሰርዙልኝ ብዬ ብለምን ጋሽ ታፈሰ እምቢ አሉ። "በቀለም የተጻፈ አይሰረዝም" አሉና ከስሩ "ተመልሰዋል" ብለው ጨመሩበት።

አጎቴን እሁድ ጠዋት አውቶቡስ ልሸኛቸው ይዣቸው ወጣሁ። በመንገድ ላይ ጠየቁኝ።

"ለመሆኑ ስንት ሰው መጣ?"

"ሜዳው ሙሉ ነበር ጋሼ።"

"አለቀሱ?"

"በጣም።"

"አንተስ?"

"እኔ ከረቡዕ ጀምሮ እንባዬ አልቆመም።"

"ማክሰኞስ?"

አውቶቡሱ የት እንደደረሰ ለማየት አንገቴን አሰገግኩ። ከት ብለው ሳቁ፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቆመው ሳቁ። ተሳፈሩ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል መስኮቱን ከፍተው፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ ጮኹብኝ። "ስማ! ሌላ ጊዜ ሲቸግርህ በሚስትህ ወገን በኩል ሞክር!"

መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ምንም አልመሰለኝም። አውቶቡሱ በደብረ ዘይት መንገድ እስኪርቅ ድረስ ቆሜ እጃቸውን ሲያወዛውዙ አየኋቸው። በሕይወት ያለ ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል ያን ቀን ነው ያወቅኩት።